ሃያው የምን ሃያ ነው?

አንድ ሰው ነበረ፤ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ። ውሃ የሚስብበት ሞተር ተቃጠለና የውስጡ የመዳብ ሽቦ እንደገና መጠምጠም ነበረበት። ሞተሩ ላይ «ሃያ ቁጥር» ተብሎ ተጽፏል። ከተማ ወርዶ ከአንድ ነጋዴ ሃያ ቁጥር ሽቦ ገዛ፤ ባለሙያም ጠመጠመለት። ሞተሩ ግን ሁለት ቀን ሠርቶ ጋለና ዳግመኛ ተቃጠለ። የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ መጠውለግ ጀመረ።

ጎረቤቶቹ፣ ነጋዴው አታሎሃል፣ ክሰሰው አሉት። ሰውየውም ከአሮጌው ሽቦ ቁራጭ ይዞ፣ መንገዱን ሁሉ ክፉ ቃል ሲያዘጋጅ ሄደ። ነጋዴው ሲሰማው አልተቆጣም፤ ጥቅሉን አውጥቶ የፋብሪካውን ጽሑፍ አሳየው። እውነትም ሃያ ይላል። ሊጣላ የመጣው ሰው ግራ ገባው። ጥቅሉን አገላብጦ አየና፦

«ሃያው የምን ሃያ ነው?» አለ።

ነጋዴው ዕድሜውን ሙሉ ሽቦ ሲሸጥ ይህን የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም አያውቀውም። ሱቁን ዘጋና ጥቅሉን ይዘው አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ ሄዱ። አንጥረኛው ብዙ ቀዳዳ ያለበት ብረት አሳያቸው። ሽቦ ከሰፊው ቀዳዳ ወደ ጠባቡ እየተሳበ እንደሚቀጥን፣ ቁጥሩም ድሮ ያለፈበት ቀዳዳ ተራ እንደነበረ፣ ስለዚህ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሽቦው እንደሚቀጥን ነገራቸው።

«ግን የእኔ ሃያኛ ቀዳዳ ከሌላው ሃያኛ ጋር እኩል አይደለም። እያንዳንዱ ሠሪ የራሱ ብረት ነበረው» አላቸው።

ሰውየው አሮጌውን ሽቦ በእንጨት ላይ አጠጋግቶ ሠላሳ ዙር ጠመጠመ። ከጎኑ አዲሱን እንዲሁ ሠላሳ ዙር። የአዲሱ ጥምጥም አጠር ብሎ ታየ፤ ቀጭን ነበር። ነጋዴው ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና ሳቀ። ወደ ሱቁ ተመልሰው፣ እየጠመጠሙ እያስተያዩ ትክክለኛውን አገኙ። ከሽንኩርቱ ግማሹ ጠፋ፣ ግማሹ ተረፈ።

ውባየሁ ልጄ፣ «እኔም እህቴም ይቅር ብለናል፤ ታዲያ ለምን አልታረቅንም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ለአንቺ ይቅርታ ያለፈውን አለማንሳት ነው፤ አላነሳሽም። ለእሷ ግን ይቅርታ ቤቷ መጥተሽ አብረሽ መብላት ነው፤ እስካሁን ትጠብቅሻለች። ከሁለታችሁ የዋሸ የለም። ቃሉ አንድ ነው፣ ልኩ ተለያየ እንጂ። ሂጂና ይቅርታዋ የምን ይቅርታ እንደሆነ ጠይቂያት። ከዚያ የአንቺንም ንገሪያት።