ቀኛዝማች ያሠሩት ድልድይ

አያ እንግዳሸትን እኔ አልደረስኩባቸውም። የምነግራችሁን የሰማሁት ከአጎቴ ነው። አጎቴ ሲዋሽ ሳቁ ያስታውቅበታል፤ ይህንን ሲያወራ ግን አንድም ቀን ሲስቅ አላየሁትም።

አገራቸውን ለሁለት የሚከፍል ጨሪ የሚባል ወንዝ አለ። ገበያውም ደብሩም ማዶ ነው። ጨሪ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው ይወስዳል፤ አንድ ዓመት የአያ እንግዳሸትን ታናሽ ወንድም ወሰደ። ያኔ የአገሩ ሰው ለገዢው ለቀኛዝማች አምበርብር አቤት አለ። ቀኛዝማችም ድልድይ ይሠራል፣ ጥድ ቁረጡ ብለው አዘዙ። ሰዉ ሁለት ወር ሙሉ ሲቆርጥና ሲሸከም ከረመ። እንጨቱ እንዳይሰረቅ ተብሎ ቀኛዝማች ግቢ ገባ፤ እዚያው አዳራሽ ሆኖ ቀረ።

አዳራሹ ሲመረቅ ግብር ተጠራ። አያ እንግዳሸት በፊት ለፊቱ በር ገቡና ማንንም እጅ ሳይነሱ፣ ሳይቀመጡም፣ በጓሮው በር ወጡ። አሽከሮቹ አንጠልጥለው መለሷቸው። ቀኛዝማች ምን ማለትህ ነው ቢሏቸው፣

«ድልድዩን ልሞክረው ብዬ ነው ጌታዬ። እንኳን ሰው፣ የተጫነ በቅሎ ይችላል» አሉ።

ግብሩ ላይ የተከበረ እንግዳ ስለነበረ ያን ቀን ሳይቀጡ ታለፉ።

በየዓመቱ የተሠራውን ሥራ ለበላይ፣ ማለትም ለደጃዝማች ማስታወቅ ደንብ ነበር። ቀኛዝማች ድልድዩ አልቋል ብለው አስጻፉ። ወረቀቱ ታዲያ የሦስት ሽማግሌ የጣት ፊርማ ይፈልጋል። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ፈረሙ፤ መሬታቸው በቀኛዝማች እጅ ነው፣ ማን ይፈርድባቸዋል። ተራው ሲደርሳቸው አያ እንግዳሸት እግራቸውን አንስተው ወደ ቀለሙ ዘረጉ። ጸሐፊው ደንግጦ ቀለሙን ወደ ጉያው ሸሸገ።

«ጣቴ ስለ ድልድይ ምን ያውቃል ልጄ? የሚሻገረው እግሬ ነው፤ እሱን ጠይቀው» አሉት።

ለዚህች ሁለት ቀን ግንድ ላይ ታስረው ዋሉ። ሦስተኛው ጣት ከየት እንደተገኘ እንጃ፣ ወረቀቱ ሄደ።

ደጃዝማች ወረቀቱን ሰምተው ደስ አላቸው። ደስ ማለታቸው ግን ለቀኛዝማች ጣጣ አመጣ፤ ድልድዩን ካላየሁ ብለው መስከረም ሲጠባ፣ ጨሪ ገና ሳይጎድል መጡ። ወንዙ ዳር ቆመው ቢያዩ ደፍራሽ ውሃ ብቻ ነው። ቀኛዝማች ቅንጣት ሳያፍሩ ሌባ ወስዶት ነው አሉ። እንግዲያው አውጫጭኝ ይቀመጥ ተባለ። አውጫጭኝ ማለት ሌባው እስኪጠቆም ድረስ የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ቦታ ተዘግቶበት የሚከርምበት ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይወጣም።

ሰዉ እዚያው ወንዙ ዳር በእሾህ አጥር ታጠረበት። አራት ቀን አለፈ። ጤፉን አረም እየዋጠው ነው፤ አንድ ሳምንት ቢጨመር ዓመቱን የሚበላ አይኖርም። ሁሉም በየተራው አላየሁም፣ አልሰማሁም ብሎ ይምላል። ያልተሠራ ድልድይ ማን ያያል? አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ይቆጣ ነበር፤ ይኸው እኔም ተቆጣሁ።

በአምስተኛው ቀን አያ እንግዳሸት ተነሡና ሌባውን አይቼዋለሁ አሉ። ቀኛዝማችን ደስታቸው ከመቀመጫቸው አስነሣቸው። አያ እንግዳሸትም ሌባው ድልድዩን እንዳለ ተሸክሞ ማዶ ተሻገረ፣ አሁንም እዚያው ነው ብለው በእጃቸው አሳዩ። ደጃዝማች አፈጠጡባቸው።

«አይተኸው ስታበቃ ለምን ተከትለህ አልያዝኸውም?»

«በምን ተሻግሬ ጌታዬ? ቀኛዝማች ይሂዱ እንጂ፤ መሻገሪያውን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።»