በመነጽሩ ያልታየው ዕቃ

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲልና ሰው ሁሉ ጣራውን ለመክደን በሚሯሯጥበት በግንቦት መጨረሻ፣ ጋሽ ልመንህ ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርገው ወደ ሱቃቸው ገቡ።

ጋሽ ልመንህ ደሴ ላይ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም በጅምላ የሚሸጡ ሀብታም ነጋዴ ናቸው። ሀብቱን ያገኙት ከንግዱ ይሁን ከንፍገቱ ለይቶ የሚያውቅ የለም። የተጣመመ ሚስማር ከመሬት ይለቅሙና በመዶሻ አቃንተው ከአዲሱ ጋር ቀላቅለው ይሸጣሉ። የዕቃ ማሰሪያ ገመድ ወድቆ ካዩ ሳያነሱት አያልፉም። እድር አላቸው፤ ቀብር ላይ ግን አይታዩም። አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ቢያሰሉት የቀሪ ቅጣቱ ሱቅ ከመዝጋት ረክሶ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ሰው በጠና ታመመ ሲባል ቅጣታቸውን አስቀድመው ይልካሉ ይባላል።

ከኋላቸው የወንድማቸው ልጅ ያፌት ላፕቶፑን ታቅፎ ተከትሏቸዋል። ያፌት አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ ነው። የማያውቀው ነገር የለም ይባላል፤ የሚለውም እሱ ራሱ ነው።

«ይመር፣ ና እስቲ ወዲህ» አሉ ጋሽ ልመንህ።

ይመር የሱቁ ሻጭ ነው። ሥራው ዕቃ መሸጥ ይሁን እንጂ ገበያተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ስለ ዕቃ አያወራም። ልጆቹን ይጠይቃል፣ ከብቱን ይጠይቃል፣ የታመመ ካለ ይጠይቃል። ቆርቆሮው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰው አይነካም፤ ሲነኩት ግን ለመልስ ተቸግሮ አያውቅም።

«ይኸውልህ» አለው ያፌት። «ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ ቆርቆሮውን ሲያዩ የሚያዩት ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። ስንት እንደቀረ፣ መቼ እንደገባ፣ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከላዩ አየር ላይ ተጽፎ ይታያቸዋል።»

«ማን ነው የሚጽፈው?»

«ማንም። ዕቃው ላይ ስቲከር እንለጥፋለን። መነጽሩ ስቲከሩን ሲያይ በኢንተርኔት ይጠይቃል። የሱቁ ኮምፒውተር ይመልሳል፣ የኮምቦልቻው መጋዘን ይመልሳል፣ የአዲስ አበባው አስመጪም ይመልሳል። ሁሉም ባሉበት ሆነው ይነጋገራሉ፤ መነጽሩ ያሳያል።»

«መልካም ነው» አለ ይመር። «በዚህ ሱቅ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመልስ መገኘቱ።»

ካሸሯ ዘሐራ ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ሳቀች።

ጋሽ ልመንህ መነጽሩን አውልቀው ሰጡትና ይመር አደረገው። ወደ ቆርቆሮው ክምር ዞረ። እውነትም አረንጓዴ ቁጥር ከክምሩ በላይ ተንሳፍፎ ቆሟል። ይመር እጁን አንስቶ እሽ፣ እሽ አለው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ያፌት።

«ዝንብ መስሎኝ።»

ያን ሳምንት ሱቁ በሙሉ ስቲከር ለበሰ። ሚስማሩ፣ ቀለሙ፣ ሽቦው፣ አካፋው፣ በሩ አጠገብ ያለው የደንበኞች አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ተለጠፈበት። ጋሽ ልመንህ ደስታቸውን አልቻሉትም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከመደርደሪያ መደርደሪያ ይዞራሉ፤ «ይሄ ከርሟል»፣ «ይሄ ጎበዝ ነው»፣ «ይሄ ሰነፍ ነው» እያሉ ዕቃውን እንደ ቁጥሩ ቀለም ያሞግሳሉ፣ ይሳደባሉ።

ችግሩ ስቲከር ያልተለጠፈበትን ነገር ማየት መተዋቸው ነው። አንድ ጠዋት ከኩታበር የመጡ ሽማግሌ ደንበኛ በር ላይ ቆመው «እንዴት አደርክ ልመንህ» ቢሉ፣ ጋሽ ልመንህ በአጠገባቸው አልፈው አንድ ባልዲ ቀለም ላይ አፈጠጡ።

ሽማግሌው ይመርን ጎተት አደረጉት። «ልጄ፣ ልመንህ ዓይኑን ታመመ እንዴ?»

«ኧረ ዓይን በዝቶባቸው ነው አባቴ» አለ ይመር። «ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

የሚቀመጡበት ግን የለም። ጋሽ ልመንህ አግዳሚውን ባዩት ቁጥር መነጽሩ ምንም አልሸጠም ስላላቸው ተነቅሎ መጋዘን ገብቷል። ለደንበኛ የሚቀርበው ሻይም በማግስቱ ቀረ፤ ሻይ ወጪ እንጂ ገቢ የለውም ተባለ። ሽማግሌው ቆመው ትንሽ ተጫወቱና ዕቃውን ሌላ ጊዜ እወስዳለሁ ብለው ሄዱ። ይመር ጀርባቸውን እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህ ያሉ ሰው ሌላ ጊዜ ሲሉ ሌላ ሱቅ ማለታቸው እንደሆነ ያውቃል።

ቀጥሎ የሠራተኛው ተራ ደረሰ። ያፌት ለይመርም ለዘሐራም ደረታቸው ላይ ስቲከር ለጠፈላቸው። ጋሽ ልመንህ ይመር ፊት ቆመው ከአናቱ በላይ ትክ ብለው አዩ።

«ይመር፣ ራስህ ላይ ቀይ ነገር ይታየኛል።»

ይመር ፀጉሩን በመዳፉ ጠረገ። «በቀለሙ መደርደሪያ ሥር አልፌ ነበር ጋሼ።»

«አትቀልድ። ቀይ ማለት ከሥራ የቀረ ማለት ነው። ያፌት፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

ያፌት ላፕቶፑን ገለጥ አደረገ። «ለቅሶ ይላል። ይሄም ለቅሶ። ይሄኛው... ሠልስት። እዚህ ደግሞ እንደገና ለቅሶ።»

«አንተ ሰውየ፣ ሻጭ ነህ አልቃሽ?» አሉ ጋሽ ልመንህ።

«ሁለቱንም እሞክራለሁ ጋሼ። ደመወዙ ግን የአንዱ ብቻ ነው።»

«እንግዲህ ስማ። ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ሰዓት ለቅሶ የለም። ማልቀስ ያማረው እሑድ ያልቅስ።»

ይመር ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሁለት ልጆች አሉት፤ ደሴ ላይ ደግሞ ሥራ እንደ ልብ አይገኝም። ሰው በሥራ ሰዓት እንዳይሞት ከመጸለይ በቀር አማራጭ አልነበረውም።

ጸሎቱ ግን ብዙ አልቆየለትም። ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የሐይቅ ከተማው ቸርቻሪ የአራጋው እናት አርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው።

ይመር ስልኩን ዘጋ። የይመር አባት የሞቱ ጊዜ አራጋው ከሐይቅ በዝናብ መጥቶ፣ ማንም ሳይጠራው ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሟል። እስከ መቃብሩ አፋፍ ድረስ ትከሻ አልለወጠም። ይህን ሰው ዛሬ ብቻውን ትቶ ነገ በምን ዓይኑ ሊያየው ነው?

«ዘሐራ፣ ጋሼ የት ናቸው?»

«ሚስማሩ ዘንድ» አለች፤ ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሱሰኛ ሆኑ እኮ፣ ቁጥሩን እያዩ ብቻቸውን ይስቃሉ» አለችው።

ይመር ሄዶ ፊታቸው ቆመ። ጋሽ ልመንህ አሁንም ከአናቱ በላይ እያዩ ነው።

«ጋሼ፣ የአራጋው እናት አርፈዋል። ለቀብሩ ሐይቅ ደርሼ ልምጣ።»

«ነፍስ ይማር። ምን ተባባልን ግን?»

«እሑድ አይቀበሩም ጋሼ፤ ዛሬ ነው።»

«ይመር፣ ይሄ የቆርቆሮ ወቅት ነው። ሰው ጣራ ሊከድን ይሯሯጣል፣ አንተ መቃብር ልታይ ትሄዳለህ።»

«አራጋው ደንበኛችንም ነው።»

«ደንበኛችን መሆኑን አጣሁት? ደንበኛ እናቱ ሞተች ብሎ ሚስማር መግዛት አይተውም።» ጋሽ ልመንህ መነጽሩን በጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። «ሂድ ብዬ አላዝህም፣ አትሂድም ብዬ አላስርህም። ግን ከሄድክ ደረትህ ላይ ያለውን ስቲከር ለዘሐራ ሰጥተህ ሂድ፤ ተመልሰህ አትለጥፈውም።»

ዘሐራ ከካሸሩ መስኮት ቀና አለች። ቀለም ሲመርጡ የነበሩ ሁለት ገበያተኞችም ጆሯቸውን ጣሉ።

ይመር ስቲከሩን ከደረቱ ላይ ቀስ አድርጎ ላጠው።

ጋሽ ልመንህ ይህን አልጠበቁም። «አንተ፣ የምርህን ነው? ለሞተች አሮጊት ብለህ? ለቅሶ ምን ያስገባል? እስቲ አንድ ቆርቆሮ የሸጠ ለቅሶ አሳየኝ። ያፌት፣ አለ?»

«ዳታው ላይ የለም» አለ ያፌት።

«ሰማህ? በዚህ መነጽር ያልታየ ነገር የለም ማለት ነው። ያለኝን ሁሉ ያሳየኛል።»

«ያለዎትን ሁሉ ጋሼ?» አለ ይመር።

«ያለኝን ሁሉ። ሱቅ ያለውን፣ ኮምቦልቻ ያለውን፣ ገና መንገድ ላይ ያለውን ሳይቀር።»

«እንግዲያው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይዩልኝ» አለ ይመር፣ ስቲከሩን መዳፋቸው ላይ እያስቀመጠ። «ስንት ቀባሪ አለዎት?»

ጋሽ ልመንህ ሳያስቡት ዞር ዞር አሉ፤ በመነጽሩ ውስጥ ቆርቆሮ አለ፣ ሚስማር አለ፣ ሽቦ አለ። ወደ በሩ አዩ። አግዳሚው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

ያፌት ግን ጥያቄ ሲጠየቅ ሳይመልስ የማይቀር ልጅ ነውና ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ ጠበቀ።

«ቀባሪ...» አለ ዓይኑን ከማያ ገጹ ሳያነሳ። «አልተገኘም ይላል ጋሼ። በዚህ ስም የገባ ምንም የለም።»

ከገበያተኞቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ጋሽ ልመንህ መዳፋቸው ላይ ያለውን ስቲከር አገላብጠው አዩና ኪሳቸው ከተቱት፤ ገመድ እንኳ አይጥሉም አይደል። ከዚያ የመኪናቸውን ቁልፍ ፈለጉ።

«ዘሐራ፣ ሱቁን ዝጊ።»

«በዚህ ሰዓት ጋሼ? በቆርቆሮ ወቅት?»

«ዝጊ አልኩሽ። አንቺም ነጠላሽን ያዢ።» ወደ ያፌት ዞሩ። «ተነስ አንተም።»

«እኔ እኮ አራጋውን አላውቀውም» አለ ያፌት።

«እሱም አያውቅህም። ተነስ፤ አንድ ሰው አንድ ሰው ነው።»

አራቱ በጋሽ ልመንህ መኪና ሐይቅ ሲደርሱ አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ነበር። ይመር ሮጦ ትከሻውን ከቃሬዛው በታች አስገባ። ጋሽ ልመንህ ከሕዝቡ መሀል ቆመው ግራ ተጋብተው ሲያዩ ቆዩና፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቦታ ሲለቅ እሳቸውም ገቡ። መነጽሩን ማውለቅ ግን ረስተውታል። ወደ መቃብሩ የሚወስደውን ዳገት እያለከለኩ ወጡ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከባድ ነው አላሉም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። አራጋው መጥቶ የጋሽ ልመንህን አንገት አቅፎ አለቀሰ። የደሴው ባለጸጋ ሱቃቸውን ዘግተው እናቱን ተሸክመው መቅበራቸውን ማመን አቅቶታል። አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ለጎረቤታቸው ሲያንሾካሹኩ ይመር ሰማ።

«አየሽው ያን ሰውየ? ዓይኑ በለቅሶ አብጦ ነው መሰል በጥቁር መነጽር ሸፍኖ መጣ። ወዳጅ እንዲህ ነው።»

ሰው እየመጣ ጋሽ ልመንህን እግዜር ይስጥዎት ይላል። እጃቸውን የጨበጠ፣ ትከሻቸውን የነካ፣ ውሃ ያቀበለ ብዙ ነው። ጋሽ ልመንህ ትንሽ ቆይተው ወደ ይመር ጠጋ አሉ።

«ይመር» አሉት በሹክሹክታ።

«አቤት ጋሼ።»

«አሁንስ... ስንት አለኝ?»

ይመር ድንኳኑን ዳር እስከ ዳር ቃኘ።

«መነጽሩን ያውልቁና ይቁጠሯቸው ጋሼ» አለ። «ስቲከር የለባቸውም።»