የጥሩንባ ነፊው ድምፅ

አንድ ቀን፣ ምርጫው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የሰንበሌጥ ሜዳ ምርጫ ክልል ተወካይ ክቡር አቶ ልሳነወርቅ በነጭ መኪና ሆነው ወደ መረጣቸው ሕዝብ ብቅ አሉ። ከተመረጡ ወዲህ ባገሩ ሲታዩ የመጀመሪያቸው ነው። ናፍቀው አልነበረም የመጡት፤ ለክልሉ ምክር ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ሊወዳደሩ ነው። አምስት ዓመት ትንሽ ጊዜ አይደለምና መልካቸውን የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። እንዲያውም አንዲት ባልቴት ነጭ መኪና ሲያዩ የከብት ክትባት የመጣ መስሏቸው ላማቸውን እየጎተቱ ደረሱና «ጌታዬ፣ በቅድሚያ የኔዋን ይውጉልኝ» አሏቸው።

ልሳነወርቅ ማለት የወርቅ ምላስ ማለት ነው። ሰንበሌጥ ሜዳም በስማቸው ተማምኖ ነበር ያን ጊዜ የላካቸው። የምክር ቤቱ ስብሰባ በሬዲዮ ይተላለፋልና ሰዉ በቀበሌው ሊቀመንበር ደጅ ተሰብስቦ፣ ሬዲዮኑን እንደ ታመመ ሰው ከቦ ይጠብቅ ነበር። የዚህኛው ወረዳ ተወካይ ስለ መንገድ ይናገራል፤ የዚያኛው ስለ ውሃ ይጠይቃል፤ የሰንበሌጥ ሜዳው የለም። በሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ጊዜ ከሬዲዮኑ ውስጥ «እኽ! እኽ!» የሚል ሳል ተሰማ። ሰዉ ብድግ አለ። «እሳቸው ናቸው! ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው፤ ሊናገሩ ነው!» ተባለ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። አፈ ጉባኤው «ለሻይ እንውጣ» አሉ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

በዚህ አገር አንለይ የሚባል የእድር ጥሩንባ ነፊ አለ። ሰውነቱን ያየ ነፋስ የሚወስደው ይመስለዋል፤ ድምፁ ግን ሦስት ጋራ ያቋርጣል። ሰው ሲሞት፣ በሬ ሲጠፋ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ አንለይ አፏ የተሰነጠቀ አሮጌ ጥሩንባውን ነፍቶ ይለፍፋል። ሥራውን ይወዳል፤ ያከብረዋልም። «ከተላክሁበት አልጨምርም፣ አልቀንስም» ይላል ሁልጊዜ።

ይሁንና ባለፉት ዓመታት አንድ ነገር ሥራውን አበላሽቶበታል። ምርጫ ክልሉን ቁሊት የሚባል ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ድሮ የእንጨት ድልድይ ነበረው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ደራሽ ውሃ ጠራርጎ ወሰደው። አቶ ልሳነወርቅም ያን ጊዜ ሲወዳደሩ «ገና ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ ድልድዩን አሠራለሁ» ብለው ነበር የተመረጡት። ተቀመጡ፤ ድልድዩ ግን አልቆመም። ክረምት በገባ ቁጥር አንለይ ወንዙ ዳር ይቆምና የወዲህ ማዶውን ወሬ ለወዲያ ማዶው በጩኸት ያሻግራል።

አንድ ክረምት ላይ ዘገየ የሚባል የአገሩ ሰው አማቱ ሞቱበት። አንለይ ወንዙ ዳር ቆሞ «የዘገየ አማት አርፈዋል!» ብሎ ለፈፈ። ቁሊት ሞልቶ ይጮህ ስለነበር ወዲያ ማዶ የደረሰው «የዘገየ እናት አርፈዋል!» የሚል ሆነ። የማዶው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየደቃ፣ ወደ ዘገየ እናት ግቢ ጎረፈ። እናትየው ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞቶ ነው?» አሉ ደንግጠው።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ አንዱ ደፈር ብሎ «እርስዎ ነዎት እማማ» አላቸው።

«እና ለኔ ሳይነገረኝ?» ብለው አለቀሱ አሉ።

አንለይ ይህን ሲሰማ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ዘገየን ባየ ቁጥር መንገድ ይለውጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለወንዝ የሚሆነው አጭር ቃል ብቻ ነው ብሎ ማለ።

እንግዲህ ወደ እጩው እንመለስ። አቶ ልሳነወርቅ የምረጡኝ ንግግራቸውን እንዲያደርጉ ሕዝቡ ወንዙ ዳር ተጠራ። ሰኔ ነው፤ ቁሊት ሞልቷል፤ ግማሹ መራጭ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ማዶ ቆሟል። የማዶው ሰው ዝናብ ሲመታው አድሮ፣ ጭቃ ረግጦ ወርዶ፣ ስለ ድልድዩ ምን ይባል ይሆን ብሎ ጆሮውን አቁሟል። እጩው ሜጋፎናቸውን አነሡ። ሜጋፎኑ ሁለት ጊዜ «ጢጥ፣ ጢጥ» አለና ባትሪው አልቆ ጸጥ አለ።

«ከጌታው የተማረው ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ቢያዝን ተጨነቁ። «ክቡር፣ ትንሽ ድምፅዎን ከፍ ቢያደርጉ እኮ ይሰማል» አሉ ፈራ ተባ እያሉ።

«እኔ?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ ከረቫታቸውን እያስተካከሉ። «የምክር ቤት አባል እንደ ከብት እረኛ ወንዝ ዳር ቆሞ ይጮሃል? የሚጮህልኝ ሰው አምጡ።»

አቶ ቢያዝን አንለይን በክንዱ ጎትተው አቀረቡትና በጆሮው «የሚሉህን ብቻ በል። ዋ! አንዲት ነገር ብታበላሽ ጥሩንባዋን ለሌላ ነው የማስረክባት» አሉት። አንለይ ወንዙ ጠርዝ ላይ ቆመ።

አቶ ልሳነወርቅ ወረቀታቸውን ዘርግተው አነበቡ። «ባለፉት አምስት ዓመታት በምርጫ ክልላችን የተጀመሩትን ሁለንተናዊ የልማት ሥራዎች፣ በላቀ ተነሳሽነትና በተቀናጀ አግባብ አጠናክረን እንቀጥላለን!»

አንለይ ደረቱን ነፋ፣ እጁን አፉ ላይ አደረገ። «እንቀጥላለን ብለዋል!»

«ያን ሁሉ ተናግሬ ይቺን ብቻ?» አሉ እጩው።

«ክቡር፣ ወንዝ ረዥም ቃል አያሻግርም። መሃል ላይ ይወስደዋል።»

ወዲያ ማዶ ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ሴት አሉ። በአገሩ ከአንለይ ቀጥሎ ድምፅ ያላቸው እሳቸው ናቸውና በማዶው ሰው ስም መልስ የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ።

«ምኑን ነው የሚቀጥሉት?» ብለው ጮሁ።

አንለይ ዞር አለና በትሕትና «ምኑን ነው የሚቀጥሉት ይላሉ» አለ።

«ሥራውን ነዋ!»

«ሥራውን!» አለ አንለይ።

«መቼ ተጀመረና?»

የወዲህ ማዶው ሰው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አቶ ልሳነወርቅ ፊታቸውን አጠቆሩና ወረቀቱን ገለጥ አደረጉ። ሕዝቡ የሚጠብቀው የድልድዩን ነገር መሆኑን ያውቃሉ። «ድልድዩን በተመለከተ፣ ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት በእቅድ ተይዟል!»

አንለይም «ድልድዩ ተይዟል!» አለ።

ወዲያ ማዶ ጉርምርምታ ሆነ። ሰዎች ተጠጋግተው ተማከሩ። ከዚያ ወይዘሮ ዘነቡ «በምን ወንጀል?» አሉ።

«በእቅድ!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ እየተንተባተቡ። «በእቅድ ነው በላቸው እንጂ!»

«በእቅድ ነው የተያዘው!»

«ምስኪን! ዋስ እንጥራለት ወይ?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። ቀልዳቸው ይሁን የምራቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አቶ ልሳነወርቅ ላብ አጠመቃቸው። ድልድዩን ተዉትና ወደ ምርጫ ምልክታቸው ዘለሉ። «ድምፅ ስትሰጡ እንዳትሳሳቱ! ወረቀቱ ላይ ምልክቴ ጀልባ ናት!»

«ምልክታቸው ጀልባ ናት!»

እዚህ ላይ የማዶው ሰው እልል አለ። «እሰይ! አሁን ገና አንድ ቁም ነገር ሠሩ! እንግዲያስ ይላኩልንና እንሻገርባት!»

«የወረቀት ናት በላቸው! የወረቀት!»

«የወረቀት ናት!» አለ አንለይ።

«እንግዲያስ መጀመሪያ እሳቸው ይሳፈሩባት!»

አሁንስ ሳቁን በጋቢ የሚሸፍን አልነበረም። አቶ ቢያዝን ራሳቸው ጀርባቸውን አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ። አቶ ልሳነወርቅ ወረቀታቸውን ጨምድደው ኪሳቸው ከተቱና ንዴታቸውን አንለይ ላይ አወረዱት።

«አንተ ነህ ነገሬን የምታጣምመው! ተቃዋሚ ልኮህ ነው!»

«ኧረ በእግዜር ክቡር! አልጨመርኩም፤ የቀነስኩትም ረዥም ረዥሙን ብቻ ነው።»

እጩው ትንሽ አሰቡ። ምክር ቤት ያልተናገሩ ቢሆኑም ብልጣብልጥ ናቸው። ይህ ጥሩንባ ነፊ ያለው ነገር በአገሩ እንደሚታመን ገብቷቸዋል። ፊታቸውን በፈገግታ አበሩና ክንዳቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ።

«አያ አንለይ፣ ጥሩንባህ ተሰንጥቃለች። እኔ ከተመረጥኩ ከከተማ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ጥሩንባ አስመጣልሃለሁ። አንተ ደግሞ አሁን እዚሁ በሕዝብ ፊት፣ ድምፅህን ለኔ እንደምትሰጥ ተናገር።»

አንለይ አሮጌ ጥሩንባውን አየ። አፏ እውነትም ተሰንጥቋል፤ በነፋት ቁጥር ከንፈሩን ታቆስለዋለች። አዲስ ጥሩንባ በሕልሙም አይቶ ያውቃል። ወደ አቶ ቢያዝን ዞር ቢል፣ ሊቀመንበሩ በዓይናቸው «በል እንጂ!» እያሉት ነው። ወደ ማዶ ቢያይ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ መሄጃ አጥቶ ያየዋል።

«ክቡር፣ ድምፅ አሰጣጥ በምስጢር ነው አላሉንም?» ሲል ሊያመልጥ ሞከረ።

«ለወዳጅ ምን ምስጢር አለ? ተናገር! ወይስ ለኔ ድምፅህን ትነፍገኛለህ? እኔ የናንተን ድምፅ ምን አደረግኩት?»

አንለይ ጥሩንባውን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና፣ ሳይጮህ፣ ረጋ ብሎ እንዲህ አላቸው፦

«ክቡር፣ ድምፄንማ ይኸው ከጠዋት ጀምሮ እየሰጠሁዎት ነው። አንድ ብቻ ነው፤ ግን ወንዙን ተሻግሮ መልስ ይዞ ይመለሳል። እርስዎ ያን ጊዜ ዘጠኝ ሺህ ድምፅ ሰጥተንዎት፣ ምክር ቤት ገብተው አምስት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ካላሉ፣ ዘንድሮ የኔ አንዲቷ ብትጨመርልዎት ምን ሊሉ ነው?»

ከወዲህ ማዶው ሰው አንዱ ቀድሞ በሳቅ ፈነዳ፤ ሌላው ተከተለው፤ ክትባት ፍለጋ የመጡት ባልቴት ሳይቀሩ ላማቸውን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። አቶ ቢያዝን ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ።

የማዶው ሰው ግን አንለይ በዝግታ ስለተናገረ አንድም ቃል አልደረሰውም። ሳቁን ሲያይ ጊዜ አላስችል አለው። «ምን አለ? ኧረ አንለይ፣ ምን አልካቸው? አሻግርልን እንጂ!» እያሉ ወይዘሮ ዘነቡ ጮሁ።

አንለይ የተጠየቀውን ሳያደርስ የማያድር ሰው ነውና ደረቱን ነፋ፣ እጁን ወደ አፉ አነሣ። ይህን ጊዜ አቶ ልሳነወርቅ ክብራቸውንም፣ ከረቫታቸውንም፣ የተወለወለ ጫማቸውንም ረስተው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃው ውስጥ ዘለው ገቡ፤ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ገደሉ እስኪያስተጋባ ድረስ አምባረቁ።

«ምንም አላለም!»

ከወዲያ ማዶ የወይዘሮ ዘነቡ ድምፅ ጥርት ብሎ ወንዙን ተሻገረ፦

«እሰይ የኔ ጌታ! ለካስ ድምፅ ኖሮዎታል!»