ቀጭን የተባለው ወፍራም ብዕር

ተረት አለኝ፤ የሰማ ያቀብል። ትብለጥ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሥራዋ በነርሶች ትምህርት ቤት የተመራቂዎችን ስም በዲፕሎማ ላይ በእጅ መጻፍ። አሮጌው የቀለም ብዕሯ ተሰበረና አዲስ ገዛች። ሳጥኑ «ቀጭን» ይላል፤ ብዕሩ ግን ወፍራም ይጽፋል፤ ቀለምም ይተፋል። ምረቃው ዛሬ ነው፤ አርባ ስም ይጠብቃታል። ዳይሬክተሯም ቁርጡን ነገረቻት፦ «እስከ ስምንት ሰዓት ካላደረስሽ ለማተሚያ ቤት እሰጠዋለሁ፤ ከእንግዲህም አንቺን አላደክምም።» ትብለጥ የፈለገችው አንድ ደህና ብዕር ብቻ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ብዕሩን የሸጠላት ባለሱቅ ሸሪፍ ዘንድ ደረሰች። «ፎርጅድ ነው፤ ቀይርልኝ።»

«ያለኝ ሁሉ ከአንድ ካርቶን ነው እህቴ። ጅምላ ሻጯ ዘሐራ ካልቀየረችልኝ ምን ልስጥሽ?»

ወደ ዘሐራ ሮጠች። «ዘሐራ፣ ካልቀየርሽ ሸሪፍ አይቀይርም፤ ሸሪፍ ካልቀየረ እኔ አልጽፍም።»

«የመጋዘኑ ኃላፊ ግዛው ካልተቀበለኝ የት ላድርሰው?» አለች ዘሐራ።

ግዛው ደግሞ ቁልፉን እያሽከረከረ፣ «ሌላ ካርቶን አለኝ። ግን ፎርጅድ መሆኑን አዋቂ ይመስክር» አላት። አዋቂ ማለት ደረጃ ሥር የተቀመጠው ብዕር ጠጋኙ ይርዳው ነው።

«ይርዳው፣ ካልመሰከርክ ግዛው አይቀበልም፤ ግዛው ካልተቀበለ ዘሐራ አትቀይርም፤ ዘሐራ ካልቀየረች ሸሪፍ አይቀይርም፤ ሸሪፍ ካልቀየረ እኔ አልጽፍም።»

ይርዳው ብዕሩን ገለበጠው። «ብቻውን በቆመ ብዕር አልፈርድም፤ ያደግሁበት ሥርዓት ነው። ኦርጅናሉ ጎኑ ይቀመጥ። እሱ ያለው አቶ ደምሰው ኪስ ውስጥ ነው።»

አምስት ሰዓት አለፈ። አቶ ደምሰው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው።

«አባባ፣ ካልመጡ ይርዳው አይመሰክርም፤ ይርዳው ካልመሰከረ ግዛው አይቀበልም፤ ግዛው ካልተቀበለ ዘሐራ አትቀይርም፤ ዘሐራ ካልቀየረች ሸሪፍ አይቀይርም፤ ሸሪፍ ካልቀየረ እኔ አልጽፍም፤ ካልጻፍኩ እንጀራዬ ተቆረጠ።»

ሽማግሌው ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ብዕር የባለቤቱን እጅ ይለምዳል፤ ሌላ ሲጫነው ይጣመማል። እኔ ብዕር የማወጣው ብዕር ለሚያውቅ ሰው ነው። በያዝሽው ብዕር አንድ ስም ጻፊ፤ ከተጫንሽው አልመጣም።»

ትብለጥ ጨርቅ ላይ የእጇን ላብ ጠረገች፤ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያም «ደምሰው» ብላ ጻፈች፤ መስመሩ ቢወፍርም ብዕሩ ወረቀቱን የነካው አይመስልም።

ሽማግሌው ወረቀቱን አንሥተው አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አርባ ዓመት የከሳሽና የተከሳሽ ስም ጻፍኩ፤ ልጄ። የእኔን እንዲህ አድርጎ የጻፈልኝ የለም።» ባርኔጣቸውን አነሡ።

ደምሰው መጡ። ኦርጅናሉ ከፎርጅዱ ጎን ተቀመጠ። ይርዳው ሁለቱን በጥፍሩ ፋቃቸው፤ የኦርጅናሉ የፋብሪካ ማርክ ተቀርጾ ኖሮ አልነቃነቅ አለ፤ የፎርጅዱ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ይርዳው መሰከረ፤ ግዛው ተቀበለ፤ ዘሐራ ቀየረች፤ ሸሪፍ ቀየረ። ትብለጥም አሁን ነቅታለች፤ አዲሱን ብዕር እዚያው ሱቁ በር ላይ ፋቀችው። አልተላጠም። ሮጠች፤ ጻፈች።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የአርባኛው ስም ቀለም ደረቀ። ዳይሬክተሯ ዲፕሎማዎቹን አንድ በአንድ አየች። ስልኩን አነሣችና ወደ ቀጠረችው ማተሚያ ቤት ደወለች።

«ይቅርታ፣ አትምጡ» አለች። «ሰው አለን።»