የዶክተሩ ፈተና

አንዲት ምላሰኛ የምክር አገልግሎት ምሩቅ ለሙያ ፈቃድ የቃል ፈተና ቀረበች። ከወደቀች የምትሠራበት ትምህርት ቤት ሊያሰናብታት ነው።

ፈታኙ፣ ስለ ማዳመጥ መጽሐፍ የጻፉት ዶክተር አጥናፉ፣ "እኔ ችግር ያለበት ሰው ልሁን፤ አንቺ አማክሪኝ" አሉና ጀመሩ። ስለማያከብሯቸው ባልደረቦች አወሩ፤ ስለማይደውሉላቸው ልጆቻቸው ሲያወሩማ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እሷ ልትናገር አፏን ስትከፍት እጃቸውን እያነሱ ዝም አሰኟት። ሰዓቱ ሲያልቅ ኮስተር አሉ።

"አንድ ቃል ሳትተነፍሺ ምን ብዬ ፈቃድ ልስጥሽ?"

ቦርሳዋን አንስታ ቀስ ብላ መለሰች።

"አይዞዎት ዶክተር፣ ለዛሬ ይበቃናል። ሳምንት በዚሁ ሰዓት ይምጡ። ሲመጡ ግን ፈቃዴን ይዘውልኝ ይምጡ፤ ያለ ፈቃድ ሰው ማማከር ክልክል ነው።"