ሙሽራ ጭኖ በበረዶ ላይ

አንድ በደጋ ከተማ የሚኖር አሰግድ የሚባል ሹፌር ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው ከደጋው ወደ ቆላው በሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። ያ መንገድ ስንቱን በልቷል! በበልግ ወራት በረዶ ሲጥልበት አስፋልቱ ዱቄት የተነሰነሰበት እስኪመስል ይነጣል፤ ጎማ የሚባል ነገር አይዝበትም። አሰግድ ግን አንድ ቀን እንኳ መኪና ገልብጦ አያውቅም። ጓደኞቹ ዳር ዳሩን ይዞ ሲንፏቀቅ እያዩ፣ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል በሚባለው በእንቁላል ስም «እንቁላሉ» ብለው ይጠሩት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ስሙ ውስጥ ውስጡን ይቆረቁረዋል፤ ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ሰውነቱ ሲደክም የጭነት መኪናውን ትቶ አንዲት ነጭ አውቶማቲክ የቤት መኪና ገዛ። የሰፈሩ ሰው እንኳን ተገላገልክ፣ ከእንግዲህ ማርሹን ራሷ ትቀይርልሃለች አለው። አሰግድ ይህን አባባል አልወደደውም። ማርሽ ትቀይራለች እንጂ በረዶ አታይም ይል ነበር። አውቶማቲክ ለሚነዳ ሁሉ ሳይጠየቅ ይመክራል። መንገዱ በረዶ ከለበሰ የማርሹን ዘንግ ከተለመደው መንጃ ከዲ አውርዳችሁ ከባዱ ማርሽ ላይ አድርጉት፣ ቁልቁለቱን ሞተሩ ይያዝላችሁ ይላል። ፍሬኑን ነካ ነካ አድርጉት እንጂ አትቁሙበት፣ ነዳጅ እንቆጥባለን ብላችሁ ማርሹን ነጻ አድርጋችሁ አትልቀቋት፣ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቅ በሉ ይላል። ይህ ሁሉ ካልሆነላችሁ ደግሞ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ በረዶ እንደሆነ ይቀልጣል። ምክሩን የሰማ ሁሉ ጭንቅላቱን ይነቀንቅና ይሄዳል።

አሰግድ የአብራኩ ልጅ አልነበረውም። የሟች እህቱን ልጅ ትርንጎን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያበቃት እሱ ነው። ከእሷ ሌላ ምን ነበረው? ምንም። ትርንጎ ለአንድ የቆላው ከተማ ልጅ ተዳረች። በሰርጉ ቀን፣ የልጅቷ ወገን ምሳ እንዳበቃ፣ ሙሽሮቹ በአሰግድ መኪና የኋላ ወንበር ተቀመጡ። ሚዜው ከፊት ገባ። አጀቡም ተከትሎ፣ የሙሽራው ዘመዶች ዳስ ጥለው ወደሚጠብቁበት ወደ ቆላው ተነሣ። ቁልቁለቱን እንደ ጀመሩ ሰማዩ ጠቆረና በረዶውን ያወርደው ጀመር። ሲያባራ መንገዱ ነጭ ሆኖ ነበር።

አሰግድ ለሰው ሲመክር የኖረውን አደረገ። ዘንጉን ከባዱ ማርሽ ላይ አወረደ፣ እግሩን ከነዳጁ አነሣ፤ መኪናዋም እየተንፏቀቀች ትወርድ ጀመር። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በዚያ አገር የሙሽራ መኪና አይቀደምም። ነውር ነው፤ ገዱም አያምርም ይላሉ። ስለዚህ አጀቡ በሙሉ ከአሰግድ ኋላ ተኮለኮለ። ክላክሱ መጀመሪያ የደስታ ነበር፤ ቆይቶ የንዴት ሆነ። የሚዜው ስልክ እረፍት አጣ። ሚዜውም እየተቅለሰለሰ፣ ሽማግሎቹ ዳስ ውስጥ እየጠበቁ እንደሆነና ከኋላ ያሉት ሰዎች መሳቅ እንደ ጀመሩ ነገረው። አሰግድ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኝ ዳር ይዞ ቆመና በረዶው እስኪቀልጥ ጥቂት እንታገሥ አለ።

ይሄኔ የሙሽራው አጎት አቶ ላቀው ከኋላ ካለው መኪና ወረደ። በረዶው ላይ መቆም አቅቶት በየመኪናው ጣራ እየተደገፈ፣ ጫማው እየከዳው መጣ። በገዛ እግሩ መራመድ ያቃተው ሰው መኪናው ለምን አይፈጥንም ብሎ ሊቆጣ መምጣቱ ለእሱም ለማንም አልታየም። መስኮቱ ጋ ደርሶ፣ አጀቡ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ተናገረ።

«አቶ አሰግድ፣ ያጀብነው ሙሽራ ነው፤ አስከሬን አይደለም። መኪናዋ አውቶማቲክ አይደለች እንዴ? የሚያስፈልገውን ራሷ ታውቃለች። ከፈሩ ደግሞ ቁልፉን ይስጡኝ፤ እኛ ቤት ፈሪ አልተወለደም።»

ከኋላ ሳቁ ፈነዳ። ከደጋው አብሮ የመጣ አንድ የአሰግድ የድሮ ባልንጀራም «እንቁላሉ» ብሎ ተጣራ። ትርንጎ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብላ የአሰግድን ትከሻ ነካች።

«ጋሼ» አለችው ቀስ ብላ፣ «እኔ አልቸኮልኩም።»

እስቲ አስቡት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቀኑ የእሷ የሆነው ይህች ልጅ ናት፤ እሷም አልቸኮልኩም ብላለች። አሰግድ በደንብ ሰምቷታል። ነገር ግን የእሷ ድምፅ ቀጭን ነበር፤ የእነዚያ ደግሞ ወፍራም። አይ ይሉኝታ፣ ስንቱን ቤት ዘጋህ! ሰው ምን ይለኛል፣ ልጄንስ በአማቶቿ ፊት ለምን አሳፍራታለሁ ብሎ ዘንጉን ወደ ዲ መለሰና ነዳጁን ረገጠ። ከኋላ እልልታ ተሰማ። አቶ ላቀውም ደስ ብሎት እየተንሸራተተ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ብዙም አልሄዱም። አንድ ኩርባ ሲታጠፉ፣ በረዶውን ፈርቶ መንገዱ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ፊት ለፊታቸው ተደቅኖ አገኙት። አሰግድ ደነገጠ። አትቁሙበት ሲል የኖረውን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። ጎማዎቹ ቆሙ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። እየተሽከረከረች በጭነት መኪናው ጎን አለፈችና ገደል ገባች። ሙሽራው፣ ሚዜውና አሰግድ ቆስለው ወጡ። ትርንጎ እዚያው ቀረች። ሰዎች ገመድ ፈልገው እስኪወርዱ ድረስ ፀሐይ ወጥታ፣ በረዶው ቀልጦ፣ መንገዱ ጥቁር አስፋልት ሆኖ ነበር። የተቻኮሉት ይህን ያህል ጊዜ ላለመጠበቅ ነው።

በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ አሰግድ እጁን በጨርቅ ታስሮ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። አቶ ላቀው ከእሱ ራቅ ብሎ ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ይናገራል።

«ቀስ በል እያልነው ነበር እኮ። ምን እንዳጣደፈው እንጃ።»

በዚያን ቀን ክላክስ ሲነፉ የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ ከንፈራቸውን መጠጡ። ያ የድሮ ባልንጀራው፣ እርጅና ነው እንጂ ድሮስ እንዲህ አልነበረም ብሎ ጨመረበት። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይህ ነው። ሚዜው እውነቱን ያውቃል፤ እሱም መሬት መሬቱን ያይ ነበር። አሰግድ ቀና ብሎ አቶ ላቀውን አየው። አቶ ላቀው መዋሸቱን ዋሽቷል። ይሁን እንጂ ዘንጉን የመለሰው የማን እጅ ነው? ነዳጁን የረገጠውስ የማን እግር ነው? ከዚያ ሁሉ አጀብ መካከል የመንገዱን ጠባይ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ልጅቷም የእሱ ነበረች። አንጀቱን ያሳረረው የአቶ ላቀው ውሸት ሳይሆን ይህ እውነት ነው።

ወገኖቼ፣ ከኋላ ሆኖ ክላክስ የሚነፋ ሰው ከፊት ያለውን ገደል አያይም። ብታልፉ ያጨበጭብላችኋል፤ ብትወድቁ ይመሰክርባችኋል። ማርሽ በራሷ የምትቀይር መኪና ክፋት የለባትም። ሰው በጮኸበት ቁጥር ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ግን ለራሱም ለጫነውም አይበጅም። ያወቃችሁትን የምትተዉት ስትረሱት ብቻ አይደለም፤ ፈሪ እንዳትባሉ ብላችሁም ትተዉታላችሁ። እስቲ እናንተም ልባችሁን ጠይቁ፤ ከኋላችሁ ለሚጮኸው ሰው ብላችሁ የምትፈጥኑት ማንን ጭናችሁ ነው?