የትርሲትን ስህተት ፈላጊው

አንድ ሰው ነበረ። የኮሌጅ ኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ተማሪዎች ውጤታቸውን የሚያዩበትን ድረ ገጽ ለዓመታት ብቻውን የያዘ፣ የተከበረ ሰው። ከዚያ ትርሲት የምትባል ልጅ ተቀጠረች። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናት፤ ግን ጎበዝ! ዳይሬክተሩ በሰው ፊት አመሰገናት።

በቃ፣ የሰውዬው አንጀት አረረ። ምን አደረገችው? ምንም! "ጋሼ፣ ጋሼ" እያለች ነው የምትጠራው። እሱ ግን ስሟ በተነሳ ቁጥር ምሳው አይወርድለትም። ቅናት እንዲህ ነው ወገኖቼ። ማንም ሳይነካችሁ ያሳምማችኋል።

አንድ ቀን ትርሲት የድረ ገጹን ሰርተፍኬት አደሰች። ሰርተፍኬት ማለት ኮምፒውተሮች ምስጢር ከመለዋወጣቸው በፊት የሚተያዩበት መታወቂያ ነው፤ የተሰጠበት ቀን አለው። በማግስቱ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ቀኑን ስቶ ተነሳ። ሰውዬው እየተቻኮለ ቀኑን በእጁ ሞላና ወደ ሌላ ሥራው ሄደ።

ከዚያ ማን ይግባ! ተማሪው የይለፍ ቃሉን ያስገባል፣ ይመለሳል። መምህሩም ያው። ስክሪኑ "ሰርተፍኬቱ ተቀባይነት የለውም" ይላል።

ሰውዬው ይህን ሲያነብ ምን አለ መሰላችሁ? "እሰይ!" አለ። አዎ፣ እሰይ! ሮጦ ዳይሬክተሩ ጋ ገባ። "እኔ ብያለሁ! ትናንት የነካካችው እሷ ናት።"

ከዚያ ተቀምጦ የእሷን ሥራ መስመር በመስመር ፈተሸ። የሰርተፍኬቱን የምስጢር ቁልፍ አየ፣ ደህና ነው። ሰርተፍኬቱን አየ፣ ደህና ነው። እንደገና አየ። የራሱን ሥራ ግን አላየም። ለምን ያያል? የሚፈልገው የእሷን ጥፋት ነው!

በመጨረሻ ዓይኑ በሰርቨሩ ቀን ላይ አረፈ። ክው አለ። በችኮላ የሞላው የኛን ዓመተ ምሕረት ነው! ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ሰርቨሩ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ "ይህ መታወቂያ ገና አልተሰጠም" እያለ ሰውን ሁሉ ሲመልስ ውሏል።

ቀኑን አስተካከለ። ገጹ ተከፈተ። ማንም አላየውም።

ዳይሬክተሩ ደስ ብሎት መጣ። "አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር! ልጅቷን አሰናብቻታለሁ።"

ሰውዬው ምስጋናውን ተቀብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ትርሲት ዕቃዋን በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። "ጋሼ፣ ያበላሸሁትን ስላስተካከሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለች። "ግን ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ሌላ ቦታ እንዳልደግመው ይንገሩኝ።"

"አይዞሽ፣ በሥራ ያጋጥማል" አላት። ሰማችሁ? አይዞሽ አላት!

ተናደዳችሁ አይደል? እኔም ተናድጃለሁ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። በመሥሪያ ቤታችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ እዚሁ ማኅበራችን ውስጥ፣ የአንድ ሰው ስም ሲመሰገን አሟችሁ "እሷማ..." ብላችሁ የጨመራችሁት ነገር የለም?

ያቺ ልጅ ዛሬም ስህተቷን ትፈልጋለች። የሌላትን ስህተት! እናንተም የጎዳችሁት፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያለ የሚብሰለሰል ሰው አለ። ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ከዚህ ስትወጡ ደውሉለትና "ጥፋቱ የኔ ነበር" በሉት።